የምግብ ማሸጊያ ፕላስቲክ፦ ይቃጠል፣ ይቅለጥ ወይስ ወደ ኬሚካሉ ይመለስ?

ባዶ የቺፕስ ከረጢት በመቀስ ሰንጥቁና ውስጡን ገልብጣችሁ እዩት። የሚያብረቀርቀው ብርማ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ በፖሊፕሮፒሊን ላይ በትነት የተለበጠ እጅግ ስስ አሉሚኒየም ነው። ከላዩ ደግሞ ቀለም የታተመበት ሌላ የፕላስቲክ ንጣፍ ተለጥፏል። በጥፍር ለመላጥ ብትሞክሩ እሺ አይላችሁም። አጠገቡ የተጣለው የውኃ ጠርሙስ ሌላ ጉድ ነው፤ ገላው ፔት፣ ክዳኑ ፖሊኤትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን፣ ወረቀት የሚመስለው ዙሪያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ፕላስቲክ። የእርጎ ኩባያው ፖሊስታይሪን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ሲሆን በከፊል የተላጠ የአሉሚኒየም ክዳኑ እንደተንጠለጠለበት ነው። ሦስቱም የሚገቡት አንድ ጆንያ ውስጥ ነው።

ማሽን የሚሸጥ ሰው ግን ስለ «ፕላስቲክ» ሲናገር አንድ ነገር ያለ ያስመስለዋል። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ዘዴውን የሚመርጠው የማሽኑ ማስታወቂያ ሳይሆን ጆንያው ነው። ስለዚህ ከጆንያው እንጀምር።

ጆንያው ውስጥ ምን አለ?

በዕቃው ታች በሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚታተመው ቁጥር የመጀመሪያው ምልክት ነው። 1 ፔት፣ 2 ጠጣሩ ፖሊኤትሊን፣ 3 ፒቪሲ፣ 4 ለስላሳው ፖሊኤትሊን፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን፣ 6 ፖሊስታይሪን፣ 7 «ሌላ» ነው። ይህ «ሌላ» የተባለው ሰፊ ቤት ነው፤ ድርብርብ ማሸጊያዎች ብዙ ጊዜ የሚገኙት እዚያ ነው። ስስ ላስቲኮች ላይ ደግሞ ቁጥሩ ጨርሶ አይገኝም።

ቁጥር ሲጠፋ ባልዲ ውኃ ይበቃል። ፕላስቲኩን ወደ ትናንሽ ቁራጭ ቁረጡ፣ ውኃው ውስጥ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፣ ከዚያ ቁራጮቹን በእጃችሁ አጥልቁና ልቀቁ። ሳሙናው የአየር አረፋ ተጣብቆ እንዳያታልላችሁ ነው። ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ጥግግታቸው ከውኃ ስለሚያንስ ይንሳፈፋሉ። ፔት 1.38፣ ፒቪሲም እዚያው አካባቢ ስለሆነ ቀጥ ብለው ይሰምጣሉ። ጠጣር ፖሊስታይሪን 1.05 ነውና በዝግታ ይወርዳል፤ በአየር የተነፋው ነጩ ፎም ግን ይንሳፈፋል፣ እሱን በዓይን ለዩት። ትልልቅ ማጠቢያ ፋብሪካዎች ውስጥ ያሉት የመለያ ገንዳዎች የሚሠሩትም በዚሁ መርህ ነው።

የሰመጠው ፔት ይሁን ፒቪሲ ለማወቅ ደግሞ የመዳብ ሽቦ አግሉና ፕላስቲኩን ነክታችሁ መልሳችሁ እሳት ውስጥ አስገቡት። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለ። ከቤት ውጭ፣ በትንሽ ቁራጭ ብቻ አድርጉት፤ ጭሱ ለሳንባ አይሆንም።

ይህን ሁሉ የምለው ለምንድን ነው? ፒቪሲ ከክብደቱ 57 በመቶው ክሎሪን ነው (ማለስለሻ ሲጨመርበት ድርሻው ይቀንሳል)። አንድ ቶን ንጹሕ ፖሊኤትሊን ውስጥ 1 ኪሎ ፒቪሲ ብቻ ቢቀላቀል 570 ግራም ክሎሪን ገባ ማለት ነው፤ ከሚሊዮን 570 ክፍል። ከፕላስቲክ የሚወጣውን ዘይት (ከታች እንመጣበታለን) የሚረከቡት የፔትሮኬሚካል ፋብሪካዎች ግን የሚታገሡት ከሚሊዮን ጥቂት ክፍሎችን ነው። ከሺህ አንድ እጅ ቆሻሻ ሙሉውን ጭነት ያስመልሳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ፦ መቅለጥ የሚችለውን አቅልጡት

የተለየና የታጠበ ፔት፣ ጠጣር ፖሊኤትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን በእጃችሁ ካለ ይህን ጽሑፍ ለመጨረስ አትቸኩሉ። ፈጭቶ፣ አጥቦና አቅልጦ እንደገና ፍሬ (ትናንሽ የፕላስቲክ እንክብል) ማድረግ ከዚህ በታች ካሉት መንገዶች ሁሉ ያነሰ ኃይል ይበላል፤ ፕላስቲኩ የተሠራበት የሞለኪውል ሰንሰለት ሳይበጠስ ስለሚቀር ምርቱም ይበዛል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፕላስቲኩ በቀለጠ ቁጥር ጥራቱ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ሽታና ቀለም ይዞ ስለሚቀር እንደገና ምግብ እንዲነካ ማስፈቀድ ከባድ ነው፤ በዚህ በኩል ረጅም መንገድ የሄደው ፔት ነው። ከዚህ በታች የምናወዳድረው ለዚህ መንገድ የማይሆነውን ነው፦ የተደራረበውን፣ ቅባት የጠጣውን፣ የተቀላቀለውን።

ያ ደግሞ ጥቂት አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት እስከ 2015 ድረስ ቆሻሻ ከሆነው 6.3 ቢሊዮን ቶን ፕላስቲክ እንደገና ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ፣ የተቃጠለው ደግሞ 12 በመቶ እንደሆነ አስልቷል። የቀረው ተጥሏል ወይም ተቀብሯል።

ማቃጠል፦ ሆደ ሰፊው፣ ግን አባካኙ

የማቃጠያ ጣቢያ ትልቁ ጸጋው አለመምረጡ ነው። ወጥ የነካው፣ የረጠበው፣ ሰባት ንጣፍ ያለው፣ ሁሉም ይገባል። ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፒሊን በኪሎ 43 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ስለሚሰጡ ከናፍጣ እኩል ናቸው። ፖሊስታይሪን 40 አካባቢ ነው። ፔት ኦክስጅን በውስጡ ስላለ ወደ 23 ይወርዳል። ፒቪሲ ከሁሉም ያንሳል፤ ክሎሪኑ ደግሞ ወደ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተቀይሮ ቱቦውን ይበላል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ቶን ፖሊኤትሊን ሲቃጠል 43 ጊጋጁል፣ ማለትም 12 ሜጋዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይወጣዋል። ኤሌክትሪክ ብቻ የሚያመነጭ ጣቢያ ከዚህ ሩብ ያህሉን ነው የሚይዘው፤ 3 ሜጋዋት ሰዓት። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 3.1 ቶን ነው። አካፍሉት፦ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1 ኪሎ ይደርሳል። ይህ ከድንጋይ ከሰል ጣቢያ የማይሻል፣ ከደህናው የከሰል ጣቢያም የሚብስ ነው። «ንጹሕ ኃይል ከፕላስቲክ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ይህን ቁጥር አስታውሱ።

ሌላም ብዙ ሰው የማይወደው እውነት አለ። የምግብ ትርፍራፊ ሲቀበር ሚቴን ያመነጫል፤ ፕላስቲክ ግን ተቀብሮ ለረጅም ዘመን ስለማይበሰብስ ካርቦኑን ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ የአየር ንብረት ብቻ ቢታይ በደንብ የታሸገ መቅበሪያ ፕላስቲክን ከማቃጠል ይሻላል። መሬት ከሌለ፣ ንፋስና ጎርፍ ቆሻሻውን ወንዝ ውስጥ የሚከቱት ከሆነ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል።

ማቃጠል የሚያዋጣው ሙቀቱ ራሱ ገዢ ሲያገኝ ነው። እንፋሎቱን የሚፈልግ ፋብሪካ ወይም በቱቦ የሚሞቅ ከተማ አጠገብ ካለ፣ ጥቅም ላይ የሚውለው ኃይል ከ80 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ኤሌክትሪክ ብቻ ከሆነ ግን እዚያ አይደረስም።

ስለ ጭሱ፦ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ጋዙ ቢያንስ ለ2 ሴኮንድ 850 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ እንዲቆይ ያስገድዳል፤ ክሎሪንን የመሳሰሉ ሃሎጅኖችን የያዙ ውሑዶች ከ1 በመቶ በላይ ያሉበት አደገኛ ቆሻሻ ሲሆን 1100 ዲግሪ። ይህም ሆኖ ነገሩ አላለቀም። የፈረሰው ዳይኦክሲን የተባለ መርዛማ ውሑድ ጭሱ ሲቀዘቅዝ፣ ከ250 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ክልል፣ በአመድ ቅንጣቶች ላይ እንደገና ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ ጭሱ ይህን ክልል በፍጥነት ማለፍ አለበት፤ ቀጥሎም ኖራና የከሰል ዱቄት ተረጭቶበት በጨርቅ ማጣሪያ ያልፋል። እነዚህ ማጣሪያዎች ከጣቢያው ወጪ ትልቅ ድርሻ ይወስዳሉ። በርሜል ውስጥ ወይም በተራ ምድጃ ማቃጠል ከዚህ ጋር በአንድ ስም መጠራት የለበትም።

እኔ በግሌ ለማይለየው ድርብርብ ላስቲክ ከኤሌክትሪክ ጣቢያ ይልቅ የሲሚንቶ ምድጃን አስቀድማለሁ። ምድጃው ድንጋዩን 1450 ዲግሪ ድረስ ስለሚያግል ለማንኛውም ያንን ሙቀት ከአንድ ቦታ ማምጣት አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜም ከሰል ያነድዳል። እንደ ፖሊኤትሊን ያለ ፕላስቲክ ለተመሳሳይ ሙቀት ከከሰል ያነሰ ካርቦን ያወጣል፣ አመዱም አሉሚኒየሙን ጨምሮ ክሊንከሩ (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጓል) ውስጥ ይገባል። ምድጃው የሚጠላው ክሎሪንን ነው፤ እየተከማቸ መግቢያውን ይደፍናል። እዚህም ፒቪሲን መልቀም ግድ ነው።

ፒሮሊሲስ፦ ብዙ የሚወራለት

ፕላስቲኩን ኦክስጅን በሌለበት ዝግ ዕቃ ውስጥ ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ካሞቃችሁት አይነድም፤ ረጃጅም ሰንሰለቶቹ ይበጣጠሳሉ። ትነቱ ሲቀዘቅዝ ዘይትና ሰም ይሆናል። የማይቀዘቅዘው ጋዝ አብዛኛውን ጊዜ ምድጃውን ራሱን ለማሞቅ ይውላል። ታች የሚቀረው ጥቁር ዱቄት ነው። ንጹሕ ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ሲገባ ከክብደቱ 70 እስከ 80 በመቶ ፈሳሽና ሰም ማግኘት ይቻላል። ከቆሻሻ ክምር የመጣ ጆንያ ሲገባ ግን ይህን ቁጥር እርሱት።

እያንዳንዱ ፕላስቲክ እዚያ ውስጥ የራሱ ጠባይ አለው። ፖሊስታይሪን ጨዋው ልጅ ነው፤ የተሠራበትን ስታይሪን የክብደቱን ግማሽና ከዚያ በላይ አድርጎ መልሶ ይሰጣል። ለብቻው የተሰበሰበ የፎም ሳህን ካላችሁ ይህ መንገድ ደህና ነው። ፔት ግን በጭራሽ አይግባ። ሲሰበር ቴረፍታሊክና ቤንዞይክ አሲድ ይሆናል፤ እነዚህ ተንነው ቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ሲደርሱ ወዲያው ነጭ ዱቄት ሆነው ይጋገራሉ። ቱቦው ሲዘጋ ግፊቱ ይጨምራል፤ የፒሮሊሲስ ሠራተኛ በሕልሙ የሚያየው ይህንን ነው። ፒቪሲ ከ250 ዲግሪ ጀምሮ አሲዱን ይለቃል። ለሥጋና ለአይብ መጠቅለያ ውስጥ የሚደበቀው ናይለን ደግሞ ዘይቱን በናይትሮጅን ይበክላል።

ቀጥሎ «የወጣው ዘይት ምን ይሁን?» የሚለው ጥያቄ አለ። ሁለት ፍጹም የተለያዩ መልሶች አሉት፤ ሻጮች ደግሞ ሆን ብለው ያደባልቋቸዋል።

የመጀመሪያው ነዳጅ ማድረግ ነው። ዘይቱ እንደወጣ ናፍጣ አይደለም፤ ያልረጉ ሞለኪውሎች ስላሉበት ተቀምጦ ሙጫ ይሠራል፣ ሰሙም በብርድ ይረጋል። በሃይድሮጅን ካልታከመና ካልተጣራ ሞተር ያበላሻል። ታክሞም ቢሆን ካርቦኑ በመጨረሻ በጭስ ማውጫ ይወጣል። ከመሬት የሚቀዳ ናፍጣ መተካቱ ጥቅም ነው፤ ፕላስቲኩን በቀጥታ አንድዶ ሙቀቱን ለሚጠቀም ፋብሪካ ከማቅረብ ጋር ሲነጻጸር ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ቆሻሻን ወደ ነዳጅ መቀየርን እንደገና መጠቀም ብሎ አይቆጥርም።

ሁለተኛው ዘይቱን እንደ ናፍታ (ከድፍድፍ ዘይት የሚጣራ ቀላል ፈሳሽ እንጂ ናፍጣ አይደለም) ወደ ፔትሮኬሚካል ፋብሪካ መላክ ነው። እዚያ ከእንፋሎት ጋር 800 ዲግሪ አልፎ ይሰበርና ኤትሊንና ፕሮፒሊን ይሆናል፤ ከነዚህ ለምግብ የሚሆን አዲስ ፕላስቲክ ይሠራል። የምግብ ማሸጊያ ነገር አሳሳቢ ለሆነበት ሰው የዚህ መንገድ ማራኪነት እዚህ ነው፤ ሽታም ቀለምም ሞለኪውል ድረስ ወርዶ ይጠፋል። ብክነቱን ግን ተከታተሉት። ከ1000 ኪሎ ፕላስቲክ 700 ኪሎ ዘይት አገኛችሁ እንበል። ናፍታ ሲሰበር ኤትሊንና ፕሮፒሊን የሚሆነው ግማሽ የማይሞላው፣ 45 በመቶ ገደማ ነው። ቀረ 315 ኪሎ። ሌላው ወደ ሌሎች ጠቃሚ ውሑዶችና ወደ ማገዶ ጋዝ ይሄዳል እንጂ አይጣልም፤ ቢሆንም «ፕላስቲክ ወደ ፕላስቲክ» ሲባል የምናስበው ሙሉ ክብ ይህ አይደለም።

ደህንነቱንም ሳልናገር አላልፍም። ዕቃው ውስጥ ያለው የጋለ ተቀጣጣይ ትነት ነው። በተሰነጠቀ መገጣጠሚያ በኩል አየር ከገባ ወይም የዕቃው በር በደንብ ሳይቀዘቅዝ ከተከፈተ በራሱ ይቀጣጠላል። ጥቁሩ ዱቄት ደግሞ ከቀለምና ከማረጋጊያ የመጡ ብረቶችን ይይዛል፤ ማዳበሪያ ነው ብሎ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ አትቀበሉት።

ጋዝ ማድረግ

ጥቂት ኦክስጅን ወይም እንፋሎት እየተሰጠው ከ700 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ፕላስቲኩ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ይፈርሳል። ከዚህ ጋዝ ሜታኖል፣ አሞኒያ ወይም ሃይድሮጅን ይሠራል። ከፒሮሊሲስ የሚበልጠው መቀላቀልን በመቻሉ ነው፤ ፔትም ሆነ ናይለን መጨረሻው ያው ጋዝ ነው። የሚያስቸግረው ሬንጅ መሰል ዝቃጭና ጋዙን ለካታሊስት (የኬሚካል ለውጡን ለሚያፋጥነው ነገር) እስኪበቃ ድረስ የማጽዳት ጣጣ ነው።

ሁለት ምሳሌዎች ሁለቱንም ጎን ያሳያሉ። በጃፓን ካዋሳኪ ከተማ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካገለገለ ፕላስቲክ ሃይድሮጅን ወጥቶ አሞኒያ ይመረታል። እዚያ ከቤት የተለየ ማሸጊያ ያለማቋረጥ ይመጣል፣ አጠገቡ የአሞኒያ ፋብሪካ አለ። በካናዳ ኤድመንተን ደግሞ የከተማ ቆሻሻን ወደ ሜታኖልና ኢታኖል የሚቀይር ጣቢያ በ2014 ተከፍቶ በ2024 ተዘጋ። መማር የምንችለው ጋዝ ማድረግ በትልቁ ካልሆነ እንደማይሆን፣ ጋዙን የሚቀበል ፋብሪካ በአጥር ማዶ መኖር እንዳለበትና የሚገባው ነገር ሳይዋዥቅ መምጣት እንዳለበት ነው።

ፔት የራሱ መንገድ አለው

ፔት በኬሚስትሪ ዕድለኛ ነው፤ ሰንሰለቱ የተያያዘበት ማሰሪያ በውኃ፣ በሜታኖል ወይም በግላይኮል ሊፈታ ይችላል። ኪሎ ፔት በውኃ ሙሉ በሙሉ ቢፈታ በወረቀት ላይ 865 ግራም ቴረፍታሊክ አሲድና 323 ግራም ኤትሊን ግላይኮል ይሰጣል። ድምሩ ከአንድ ኪሎ መብለጡ ስሕተት አይደለም፤ ውኃው ራሱ ገብቶበት ነው። በፒሮሊሲስ ከ1000 ኪሎ ከተገኘው 315 ኪሎ ጋር ስታስተያዩት ፔትን ለምን ለይቶ ማስቀመጥ እንደሚያዋጣ ይገባችኋል።

ይህ መንገድ የሚገባው ለጠራው ጠርሙስ አይደለም፤ እሱ ይቅለጥ። የሚገባው ለባለ ቀለሙ ጠርሙስ፣ ለጥቁሩ የሥጋ ሳህንና ንጣፍ ላለው ዕቃ ነው። በአሜሪካ ቴነሲ ኪንግስፖርት በሜታኖል የሚሠራ በዓመት 110,000 ቶን የሚችል ፋብሪካ በ2024 ሥራ ጀምሯል፤ ስለዚህ ነገሩ ከቤተ ሙከራ ወጥቷል።

ኢንዛይሙስ? በ2016 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ፔት የሚበላ ባክቴሪያ በጃፓን ሳካይ ማግኘታቸውን አሳወቁ። በ2020 ደግሞ የተሻሻለ ሌላ ኢንዛይም በ72 ዲግሪ በ10 ሰዓት 90 በመቶውን እንደፈታ ታተመ። ድንቅ ነው። ግን ጠርሙሱ እንዳለ አይገባም፤ መጀመሪያ ቀልጦ በድንገት ቀዝቅዞ መፈጨት አለበት፣ ኢንዛይሙ ክሪስታል የሆነውን ክፍል በቀላሉ አይበላምና። የሚወጣውን አሲድ ለማለዘብ የሚገባው ሶዳም በመጨረሻ ብዙ ጨው ይሆናል። ተከታተሉት፣ ገንዘባችሁን ግን ገና አታስይዙበት።

በግፊት በጋለ ውኃ (ከ374 ዲግሪና ከ221 ባር በላይ) መስበርም አለ። የተቀላቀለ ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ላይ ጥሩ ዘይት ይሰጣል፤ ያን ግፊት የሚችል ብረት ግን ውድ ነው።

እንግዲህ የትኛው?

ጆንያችሁ ባብዛኛው የሚንሳፈፍ ላስቲክ ከሆነ፣ ፒቪሲው ከተለቀመና ዘይቱን የሚገዛ ፔትሮኬሚካል ፋብሪካ በጽሑፍ ከተስማማ ፒሮሊሲስ ይሁን። የዘይቱ ገዢ ካልተገኘ ላስቲኩን ጨምቃችሁ ለሲሚንቶ ምድጃ ስጡ፤ የራሳችሁን ማሽን ከመግዛት ይሻላችኋል። ባለ ቀለም ፔት ከበዛ ለይታችሁ አከማቹና ፈቺ ፋብሪካ ፈልጉለት፤ ተጨምቆ በጥቅል ታስሮ ቢቀመጥ ወዲያው አይበላሽም። ሁሉም የተቀላቀለ፣ እርጥብና ምግብ የነካው ከሆነ፣ መጠኑም የከተማ ያህል ከሆነ፣ ሙቀት ገዢ ያለው ማቃጠያ ነው የሚሆነው። ጋዝ ማድረግን ለማሰብ ደግሞ ኬሚካል ፋብሪካ ጎረቤት ይኑራችሁ።

በቀን ጥቂት መቶ ኪሎ ብቻ የምትሰበስቡ ከሆነ ከነዚህ አንዱም ለእናንተ አልተሠራም። የእናንተ ሥራ መለየትና መጭመቅ ነው፤ የተለየ ጆንያ ካልተለየው የተሻለ ዋጋ ያወጣል።

ሻጭ ሲመጣ ደግሞ ምርቱ ስንት በመቶ ነው ብላችሁ አትጀምሩ፤ የሚመልሰው ያዘጋጀውን ነው። የዘይቱን የክሎሪንና የናይትሮጅን ምርመራ ውጤት ጠይቁት። ማሽኑ ያለ ጥገና በተከታታይ ስንት ሰዓት እንደሠራ ጠይቁት። ጥቁሩ ዱቄት የት እንደሚጣልና ማን እንደሚከፍልበት ጠይቁት። ሙከራ ላድርግላችሁ ካለ እሺ በሉት፤ ይዛችሁት የምትሄዱት ግን እሱ ያመጣውን ነጭ ፍሬ ሳይሆን ትናንት ከክምሩ ያነሳችሁትን፣ ሳይከፈት የታሰረውን ጆንያ ይሁን።